ከደጀን ቁልቁለት እስከ ቦሌ

ደብረ ማርቆስ ላደግን ልጆች አውሮፕላን ከመታየቱ በፊት የሚሰማ ነገር ነበር። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ከጮቄ ተራራ ወዲያ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ የያዝነውን ጥለን እየተጋፋን ወደ ደጅ እንወጣለን፤ ማን ቀድሞ እንዳየው እንከራከራለን። አያቴም ከጓዳ ብቅ ብላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ነጩን መስመር በዓይኗ ትከተላለች።

"አሁን እዚያ ውስጥ ሰው አለ?" ትለኛለች።

"አለ እንጂ እማማ።"

"ታዲያ ምን ይበላሉ? ሲደክማቸውስ የት ያርፋሉ?"

የአያቴ ጥያቄ ዛሬም ትክክለኛው ጥያቄ ይመስለኛል። ስለ አውሮፕላን ፍጥነትና ስለ ሞተሩ ጉልበት የሚያወራ ሞልቷል፤ ውስጡ የተቀመጠው ሰው እግሩን የት እንደሚዘረጋ፣ ጆሮው ሲደፈን ምን እንደሚያደርግ፣ ውሃ ሲጠማው ማንን እንደሚጠይቅ ቁጭ ብሎ የሚነግር ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከእናቴና ከዓባይ በረሃ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከማርቆስ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመግባት የሚታወቀው አውቶቡስ ነበር። በቀደመው ዘመን ከከተማው ዳር ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወሩልናል፤ እኛ የደረስንበት ግን የመናኸሪያ ዘመን ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ እንገኛለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጆንያና ሻንጣ እየጎተተ ይጭናል፤ ሸኚው ከተጓዡ ይበዛል። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከፊታችን አለ። መጀመሪያ ሉማሜ፣ ቀጥሎ ደጀን፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ።

ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድልድይ ከ1,300 ሜትር ያላነሰ ዝቅታ አለ፤ ከማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ተወጥቶ ጎሃ ጽዮን ይገባል። ማርቆስ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ላቡ ይንቆረቆራል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ እስኪከፈት ድረስ አውቶቡሶች የሚሻገሩት በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ነበር። ወታደር ስለሚጠብቀው ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ጸጥ ይላል።

እናቴ ለዚህ መንገድ የራሷ ሥርዓት ነበራት። ከዋዜማው ጀምሮ ቅባት የበዛበት ወጥ አትሰጠንም፤ ጠዋት ባዶ ሆዳችንንም አትሰደንም፤ ደረቅ ዳቦ ታስይዘናለች። በኪሳችን ሎሚ፣ በእጃችን ፌስታል ይኖራል። ከተገኘ ከፊት ካለው ወንበር ታስቀምጠናለች። "አጠገባችሁ ያለውን ገደል አትዩ፤ ሩቁን ተራራ እዩ" ትለናለች። ደጀንን አልፈን አውቶቡሱ መጠምዘዝ ሲጀምር ደግሞ ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ ለእያንዳንዳችን ጭብጥ ጭብጥ ታድላለች። "አኝኩ፣ ዋጥ ዋጥ አድርጉ፣ ጆሯችሁ እንዳይደፈን።" ታናሽ እኅቴ ጡት ላይ በነበረችበት ዓመት ቁልቁለቱን ሙሉ ጡት እየሰጠቻት ወረደች፤ ሌሎች ሕፃናት ሲያለቅሱ እሷ አላለቀሰችም። እናቴ ይህን ያደረገችው ከእናቷ ተምራ ነው እንጂ ሐኪም ነግሯት አይደለም።

ነገሩን በኋላ ሳነብ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የያዘ ትንሽ ክፍት ቦታ አለ፤ ከጉሮሮ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ከከፍታ ወደ ዝቅታ ስንወርድ የውጪው አየር ግፊት ይጨምራል። ቱቦው ካልተከፈተ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ያኔ ጆሮ ይደነቁራል፣ ቀጥሎም ያማል። መዋጥ፣ ማዛጋትና ማኘክ ቱቦውን ይከፍቱታል። አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድም የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ የእናቴ ቆሎ ማስቲካ ይሆናል፤ ለሕፃን ጡት ወይም ጡጦ በመውረጃው ሰዓት ይሰጠዋል፤ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለማይውጥ መውረድ ሲጀመር ቢነቃ ይሻለዋል። ይህ ሁሉ አልበቃ ካለ አፍንጫን በሁለት ጣት ይዞ፣ አፍን ዘግቶ፣ በቀስታ መንፋት ነው፤ በኃይል መንፋት ግን ጉዳት አለው። ጉንፋን የጠናበት ሰው ቱቦው ስለሚያብጥ ከመብረሩ በፊት ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈርኩት ከባሕር ዳር ነበር፤ የያኔዋ ማረፊያ ዛሬ በጎጃሙ አርበኛ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ትጠራለች። አውሮፕላኗ ፎከር 50 ነበረች። ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ማንኛውም የመስኮት ወንበር ምድሩን ያሳያል። ጣናን ትተን ወደ ደቡብ ስናቀና ጮቄ ከሥራችን መጣ፤ ያ በልጅነታችን ድምፅ የሚመጣበት ተራራ ከላይ ሲታይ ገብስና ድንች የተዘራበት ቁርጥራጭ ማሳ ሆኖ ተዘረጋ። ቀጥሎ ምድሩ በድንገት ተሰነጠቀና ዓባይ ታየ። ግማሽ ቀን ወርደን የምንወጣውን በረሃ በጥቂት ደቂቃ ተሻገርነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬም ዝም ብለው ወደ ታች ያዩ ነበር። መውረድ ስንጀምር እጄ ኪሴ ገባ፤ ቆሎ ነበረኝ።

አንድ ነገር ግን የጎጃምን ሰው ሁሉ ሊያስደስት ይገባል ብዬ አምናለሁ። አውሮፕላን እጅግ ከፍ ብሎ ቢበርም ውስጡ ያለው አየር የሚታመቀው በዝቅተኛ ከፍታ ልክ ነው። በአብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የውስጡ አየር ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ሰው በአውሮፕላን ውስጥ ራሱን ሲያመውና ሲደክመው፣ የማርቆስ ሰው ደጃፉ ላይ የሚተነፍሰውን አየር እየተነፈሰ ነው የሚሄደው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነርና በኋላ የመጣው ኤርባስ ኤ350 ደግሞ የውስጡን አየር በ1,800 ሜትር ልክ ይይዛሉ፤ ይህ ከማርቆስ ዝቅ ያለ ነው። ከፍታ የሚያስፈራቸው ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው ትከሻቸው ሲላላ አይቻለሁ። በዚያው ልክ ማወቅ ያለብን፣ ጅዳን ወይም ዋሽንግተንን በመሰለ ዝቅተኛ ቦታ ሲታረፍ የእኛ ጆሮ ይፈተናል፤ ቦሌ ሲታረፍ ግን ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ያን ያህል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ጉዞ ወደ ዋሽንግተን የሄድኩበት ነው። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ በጭናቸው ላይ ትንሽ ዘንቢል አቅፈዋል፤ ማንም እንዲወስድባቸው አይፈቅዱም። የወንበሩን ቀበቶ ሁለት ጫፍ ይዘው እያገላበጡ ሲያዩ ጎንበስ አልኩና፣

"እማማ፣ ልሰርልዎት?" አልኳቸው።

"እሰርልኝ ልጄ፤ ግን እንዴት እንደሚፈታም አሳየኝ።"

ትክክል ነበሩ። ቀበቶ ሲታሰርለት የማይጨነቅ ሰው እንኳ እንዴት እንደሚፈታ ካላወቀ ጭንቁ አይለቀውም። ክዳኗን ወደ ላይ ብድግ ማድረግ ነው አልኳቸው፤ ሦስት አራት ጊዜ እያሰሩ እየፈቱ ተለማመዱ። ከቢቸና መሆናቸውን፣ ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። የማርቆስ ልጅ ነኝ ስላቸው "ኧረ የኛው ሰው!" ብለው እጄን ሳሙኝ።

ሲመሽ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አስተናጋጇ ውሃ ይዛ በመጣች ቁጥር እማማ "አይ፣ ይብቃኝ" ይላሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። በረጅም በረራ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እጅግ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ አይሞላም። ሰው ሳይጠማው እንኳ ቶሎ ቶሎ ውሃ መቀማመስ አለበት፤ ቡናና አልኮልም ቢቀነሱ ጥሩ ነው። "ለምን አይጠጡም?" ብላቸው ቀረብ ብለው በሹክሹክታ፣ "ከጠጣሁ እኮ መውጣት ይመጣል" አሉኝ። የመጸዳጃው በር እንዴት እንደሚከፈት አያውቁም፤ መጠየቅም ነውር ሆኖባቸዋል። ተነስተን ሄድን። በሩ መሐሉ ላይ ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ከውስጥ መቆለፊያውን ሲያንሸራትቱት መብራቱ ቦግ እንደሚል፣ ውሃው ሲለቀቅ ኃይለኛ ድምፅ እንደሚያሰማና ምንም እንዳልተበላሸ ነገርኳቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ውሃ ሁሉ ጠጡ።

እናት ብዙ ሰዓት ውሃ ሳትጠጣ የምትጓዘው በበር ምክንያት መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳሁት። ስንት እናቶች ከእሳቸው በፊት እንዲያ ሄደው ይሆን?

ልጃቸው የላከችላቸው ጫማ አዲስና ጠባብ ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማው ሲበላቸው "ያውልቁት" ብላቸው በሰው ፊት አፈሩ፤ ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጣል አድርገን ከሥሩ አወለቁት። ለረጅም በረራ ላላ ያለ ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የማያጣብቅ ልብስ ያስፈልጋል፤ ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ስለሚበርድ ጋቢ ወይም ወፍራም ነጠላ ከማንኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል። እግርን ሳያንቀሳቅሱ መቀመጥም አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ባስጠናው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ በቅርብ የወለደች፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ መሳፈር የለበትም። ለሁላችንም የሚሆነው በየሰዓቱ ተነስቶ በመተላለፊያው መራመድ ነው፤ መነሳት ካልተቻለ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ተረከዝን ብድግ ዝቅ ማድረግ። እማማ ይህን የተማሩት በአንዴ ነው። "እንደ ስግደት ነው" ብለው እግራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አደሩ።

ዕለቱ የጾም ቀን ነበር። ምግብ ሲመጣ ክዳኑን ከፍተው "ቅቤ አለው?" አሉኝ፤ አለው። ዳቦውንና ፍራፍሬውን ብቻ ወስደው ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ለእኔም አካፈሉኝ። የጾም ምግብ አስቀድሞ ለጠየቀ ይዘጋጃል፤ ትኬት ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከበረራው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ማሳወቅ ይበቃል። ስኳር ያለበትና የደም ግፊት ያለበት ሰውም እንዲሁ ማዘዝ ይችላል።

ሮም ላይ አውሮፕላኑ ሲያርፍ እማማ ዘንቢላቸውን አንስተው ብድግ አሉ። "ደረስን?" ገና ነበር፤ ነዳጅ ለመቅዳት ነው የቆመው። ይህም የራሱ ምክንያት አለው፤ ከአገራችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማወቁ ደስ ይላል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ክንፍን በበቂ ስለማይደግፍ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ከዚያ መነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ይቀዳል፤ ያኔ ሮም ነበር፣ በኋላ ደብሊን ሆነ። ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሲመለስ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። ይህን ቀድሞ የተነገረው ተጓዥ መሐል መንገድ ላይ "ጠፋሁ" ብሎ አይደነግጥም።

ዋሽንግተን ሊገባ ሲል የሚሞላ ቅጽ ታደለ። ያን ጊዜ በየወንበሩ ፓስፖርት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታዩ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ወጣት ካለ የአሥር ሰው ቅጽ ይሞላል። እኔም ስሞላ አመሸሁ፤ ከሁሉ የቸገረኝ የሚያርፉበት አድራሻ ነው። ብዙዎቹ "ልጄ መጥታ ትቀበለኛለች" ከማለት በቀር አድራሻ አልያዙም ነበር። እማማ ግን ከመቀነታቸው የታጠፈች ወረቀት ፈቱ፤ የልጃቸው ስም፣ ቤት ቁጥር፣ ስልክ ቁጥር በትልልቅ ፊደል ተጽፎባታል። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅም። ዛሬም ለሚሄድ ሰው ሁሉ ያቺን ወረቀት አስይዛለሁ። ስንወርድ ደግሞ ስማቸው የተጻፈበት ዊልቸር በሩ ላይ ጠበቃቸው። በእግራቸው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ልጃቸው ትኬቱን ስትቆርጥ ዊልቸር ያዘዘችላቸው ቋንቋ ስለማያውቁ ነው። የሚገፋቸው ሠራተኛ በፓስፖርት መቆጣጠሪያው፣ በሻንጣ መረከቢያው አድርጎ እስከ ልጃቸው እቅፍ ያደርሳቸዋል፤ ክፍያም የለውም። ለእርጅና ወይም ለጉልበት ሕመም የታሰበ አሠራር ቢሆንም ቋንቋ ለማያውቅም ይጠቅማል።

የሰዓቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ከገጠር የሚመጣውን ተጓዥ በብዛት የሚጎዳው እሱ ነውና። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም። 08:00 ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 22:30 ከሆነ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑም የእኛ ቀን አይደለም። ከዚህ የከፋው ግን የእኩለ ሌሊቱ ነው። ትኬቱ "ማክሰኞ 00:40" ካለ በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 ነው። የእኛ ቀን ሲነጋ ይጀምራል፤ የእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። አንድ የሰፈራችን ሰው ማክሰኞ ነው ብሎ ማክሰኞ ማታ በሚኒባስ ሙሉ ሸኚ ታጅቦ ቦሌ ደረሰ፤ አውሮፕላኑ በዋዜማው ሌሊት ሄዷል። የሸኚዎቹን ዝምታ ያየ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ትኬት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ሰዓቱንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ከማርቆስ የሚነሳ ሰው በበረራው ቀን መነሳት የለበትም። ክረምት ላይ ዓባይ በረሃ ናዳ ይወርድበታል፤ መንገዱ ለሰዓታት ሊዘጋ ይችላል። አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ተኝቶ መነሳት ይሻላል። ለዓለም አቀፍ በረራ ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው፤ ስንብቱም በር ላይ እንዳይጣደፍ ቤት ውስጥ በደንብ ይሰናበቱ። "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" የሚለው ምርቃት በጥድፊያ ሲባል ያሳዝነኛል።

ሻንጣውም ከቤት ይመዘን። ማርቆስ እያለሁ ጎረቤቶቻችን ሻንጣቸውን እህል ነጋዴ ጋ ወስደው ያስመዝኑ ነበር፤ ቦሌ ላይ ኪሎ በዝቶ በርበሬ በሰው ፊት ከመዘርገፍ ይሻላል። ትኬቱ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሻንጣ እንደሚፈቅድ ተጽፎበታል፤ ይነበብ። በርበሬና ሽሮ በሁለት ላስቲክ ይታሸግ። ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ አይያዝ፤ በአብዛኞቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በመፈተሻ አያልፍም፤ ማርም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ የቀለጠ ቅቤም እንዲሁ። እናት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው የጎጃም ማር መፈተሻው ላይ ሲቀር ማየት ልብ ይሰብራል። ቋንጣ ደግሞ ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓም አይገባም፤ የቱንም ያህል ቢናፈቅ ይቅር። የያዙትን ምግብ ሲጠየቁ "አለኝ" ብሎ ማስመዝገብ ከቅጣት ያድናል። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽር፣ የሞባይል ተጨማሪ ባትሪ ከእጅ አይለዩ፤ ተጨማሪ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። በትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙም በዋዜማው ሳይሆን ትኬቱ በተቆረጠበት ቀን ይታይ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ የሚሄዱት ወጣት እኅቶቻችን ናቸው። ቦሌ ላይ በቡድን በቡድን ሆነው፣ አንድ ዓይነት ቦርሳ ይዘው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ከእኛው አገር፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደንበጫ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ከቀያቸው ወጥተው አዲስ አበባን ያዩት በዚያው ሳምንት ነው። አንዷ "መስኮቱ ይከፈታል?" ብላ ጠይቃኛለች። አይከፈትም፤ ግን አየሩ በየጊዜው ይለወጣል፣ ከራስሽ በላይ ያለችውን ቀዳዳ ስታዞሪያት ቀዝቃዛ አየር ትሰጥሻለች ስላት እፎይ አለች። አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ምን እንደምታደርግ ጠየቀችኝ። የዓባይ በረሃን መንገድ አውቶቡስ እንዴት እንደሚያንገጫግጨው ታውቃለች፤ ይህም የአየር መንገድ ወጣ ገባ ነው፣ ቀበቶሽን እስካሰርሽ ምንም አትሆኚም አልኳት። ከክንፉ አካባቢ ባለ ወንበር ላይ ንቅናቄው ይቀንሳል፤ ለማስመለስ የወረቀት ከረጢት ከፊት ወንበር ኪስ ውስጥ አለ። መሸጋገሪያ ላይ የበሩ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ሰሌዳውን ደጋግማ እንድታይ፣ ማንበብ ካስቸገራት የደንብ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ የመሳፈሪያ ካርዷን እንድታሳይ ነገርኳት። የፓስፖርቷን ኮፒ ለቤተሰቧ ትታ መሄዷን ስጠይቃት አልተወችም ነበር። ወረቀት ፈልገን የፓስፖርቷን ቁጥር ጻፍንና በሸኚዋ ስልክ ወደ ወንድሟ ተላከ።

ያች ልጅ ትምህርት ያልገባት አልነበረችም፤ የነገራት ሰው ነው ያጣችው። በአውሮፕላን የሚያስፈራው ነገር አብዛኛው በአምስት ደቂቃ ወሬ የሚያልቅ ነው፤ የሚያሳዝነው ያን አምስት ደቂቃ የሚሰጥ ሰው መጥፋቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ስንት ትውልድ በረረ። የበረረው ሁሉ ላልበረረው ቢነግር ኖሮ በዚህ ዘመን በጥማት የምትጓዝ እናት ባልኖረች ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጉዞህ አጠገብህ ነጠላ የለበሱ እናት ወይም ቦርሳዋን ያቀፈች ወጣት ከተቀመጡ፣ ማዳመጫህን ጆሮህ ላይ ከማድረግህ በፊት "ከዚህ በፊት በረው ያውቃሉ?" ብለህ ጠይቅ። አያውቁም ካሉህ ቀበቶውን እንዴት እንደሚፈታ ከማሳየት ጀምር።